ለጀግና ባላንጣ ስለ መምረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የመረጥሁት ርእስ ለዚህ ለተከበረ ቀን የሚመጥን የማይመስላቸው ሰዎች እንደሚኖሩ ዐውቃለሁ። ከመምህራኖቻችን አንዱ ርእሱን በሰሙ ጊዜ «ታዲያ ስለ ልጆች ፊልም ልትነግረን ነው ወይ?» ብለው ሣቁ። እውነታቸውን ነው፤ ስለ ልጆች ፊልም ልናገር ነው። ነገር ግን ዛሬ በዚህ ግቢ ውስጥ ጎልያድን የማያውቅ ተማሪ ማግኘት ታኖስን የማያውቅ ከማግኘት ይልቅ የቀለለ ሆኗል። ይህ የሚያስደስት ነው ወይስ የሚያሳዝን የሚለውን ለቄሶቻችንና ለሼኾቻችን እተወዋለሁ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ለአንድ ጀግና ጠላቱን የሚመርጥለት ማን ነው? ጠላቱስ ከታሪክ ወደ ታሪክ እየከበደ የሚሄደው በምን ዐይነት ሥርዐት ነው? የሚለው ነው።

ወላጆቻችን ፊልሞቹን ምናልባት ያላያችሁ ትሆናላችሁና ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የምጠራቸው ዓመታት የእኛ መሆናቸውን ካልገለጽሁ በቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ማርቭል የሚባለው የአሜሪካ የፊልም ድርጅት በ2008 ዓ.ም. «አይረን ማን»፥ ማለት የብረት ሰው የሚባለውን ፊልም አወጣ። ከዚያም እስከ 2019 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ 22 ፊልሞችን አከታትሎ ሠራ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የየራሳቸው ጀግና አላቸው፤ ዳሩ ግን ሁሉም የሚኖሩት በአንድ ዓለም ውስጥ ነው። በአንዱ ፊልም የፈረሰ ከተማ በሌላው ፊልም ፍርስራሹ ይታያል፤ በአንዱ የሞተ ሰው በሌላው ልጁ ያለቅስለታል። እንደ አንድ መንደር ነው ማለት ይቻላል፤ በአንዱ ቤት የተነሣው እሳት ጢሱ ለጎረቤቱ ይደርሰዋል።

እንዲህ ባለ የጋራ ዓለም ውስጥ ባላንጣ መምረጥ ከባድ ሥራ ነው። ፊልሙ ብቻውን የቆመ ቢሆን ኖሮ ክፉው ሰው ይመጣል፥ ይወጋል፥ ይሞታል፥ መብራት ይበራል፥ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሄዳለን። በጋራው ዓለም ግን ከእርሱ በኋላ ሌላ መምጣት አለበት። የሚመጣው ከሄደው ያነሰ እንደ ሆነ ተመልካቹ «ይኼማ ምን አለው!» ይላል። የሚበልጥ ይሁን ከተባለ ደግሞ፥ የመጀመሪያው አንድ ከተማ ሊያጠፋ መጥቶ ነበርና ሁለተኛው አገር፥ ሦስተኛው ምድርን ሁሉ፥ አራተኛው ፀሐይንና ከዋክብትን ሊያጠፋ ይመጣል። አምስተኛውስ ምን ይተርፈዋል? መሰላሉ ያልቃል፤ ሰውየው ግን ገና እየወጣ ነው።

ማርቭሎች ይህን ችግር መጀመሪያ ላይ በጥሩ ዘዴ ተወጡት። ታኖስ የተባለውን ታላቁን ባላንጣ በ2012 ዓ.ም. በወጣው «አቬንጀርስ» በተባለው ፊልም መጨረሻ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አሳዩት፤ ዞር ብሎ ፈገግ አለ፥ አበቃ። በ2014 ዓ.ም. በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ሲናገር ሰማነው። በ2015 ዓ.ም. የወርቁን ጓንት ሲያጠልቅ አየነው። እርሱ ራሱ ለጦርነት የወጣው በ2018 ዓ.ም. ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አስጠበቁን ማለት ነው። ቡና ሳይቆላ አይወቀጥም፥ ሳይወቀጥም አይፈላም፤ የሐረር ሰው ይህን ለማንም አያስተምርም። ደግሞም በመጣ ጊዜ ምክንያት ይዞ መጣ። የተወለደባት ዓለም ሕዝቧ ከምግቧ በልጦ ስለ ጠፋች፥ በፍጥረት ዓለም ካለው ሕይወት ግማሹን ቢያጠፋ ግማሹ ጠግቦ የሚኖር መሰለው። ለዚህም ሲል ያሳደጋትን ልጁን በገዛ እጁ እያለቀሰ ከገደል ጣላት። እዚህ ላይ የማይዘገንነው ተመልካች የለም። (እንዲያው በነገራችን ላይ፥ ያን ሁሉ ኃይል ይዞ ሕዝቡን በግማሽ ከመቀነስ ይልቅ እህሉን እጥፍ ማድረግ እንዴት እንዳልታየው የግብርና ክበባችን ቢጠይቀው ደስ ይለኛል።)

ከታኖስ በኋላ የሆነው ግን ለሁላችንም ትምህርት ነው። ካንግ የተባለ፥ በጊዜ ውስጥ የሚመላለስና ከታኖስ ይበልጣል የተባለ ባላንጣ ተመረጠ። በ2021 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ታየ፤ በ2023 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በሲኒማ መጣ። በዚያው በመጀመሪያው ትልቅ ፊልሙ ላይ ጉንዳኖች በሚረዱት ጀግና ድል ሆነ። እጅግ ይፈራል ተብሎ የተነገረለት ሰው ገና ከመድረሱ በጉንዳን መንጋ ሲዋከብ ያየ ሕፃን፥ ከዚያ ወዲያ ቢፎክርበት አይደነግጥም። በኋላም ካንግን የተጫወተው አክተር በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ስለ ተባለ በታኅሣሥ 2023 ዓ.ም. ድርጅቱ አሰናበተው። በሐምሌ 2024 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ ባላንጣ ዶክተር ዱም እንደሚሆን፥ የሚጫወተውም ያው የቀድሞው የብረት ሰው ሮበርት ዳውኒ እንደ ሆነ ተነገረ። ፊት የነበረውን ጀግና ጭምብል አልብሶ ባላንጣ አድርጎ መመለስ ብልኀት ነው ወይስ የሐሳብ ማለቅ? በክፍላችን ሁለት ቡድን ሆነን ተከራክረንበታል፤ እኔ ከሁለተኛው ቡድን ነኝ።

ሌላው የአሜሪካ ድርጅት፥ የነሱፐርማን ባለቤት፥ ችኮላ ጎዳው። ሱፐርማን በ2013 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ተጀመረ፤ በ2016 ዓ.ም. በሁለተኛው ፊልሙ ላይ ከአውሬ ጋር ተዋግቶ ሞተ፥ ተቀበረም። ሕዝቡ ግን እንደሚገባ አላዘነለትም። ለቅሶ ለመድረስ ሟቹን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኛ ግን ሰውየውን ገና ተዋውቀነው ነበር።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ባላንጣ የሚከብደው ሲገዝፍ ሳይሆን ሲቀርብ ነው። ይህን ከፊልም አልተማርሁትም፤ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ጧት ጧት ከሚነበብልን ከመጽሐፈ ሳሙኤል ነው የተማርሁት። የዳዊትን ጠላቶች በተራ ተመልከቱ። መጀመሪያ አንበሳና ድብ መጡ፤ በጎቹን ሊወስዱ መጥተው ነበርና ገደላቸው። ቀጥሎ ጎልያድ መጣ፤ ቁመቱ ስድስት ክንድ ከስንዝር ነበረ። የአሜሪካኖቹ ጸሐፊዎች ቢሆኑ ኖሮ ከጎልያድ በኋላ ዐሥራ ሁለት ክንድ የሆነ ሌላ ሰው ባመጡብን ነበር። መጽሐፉ ግን እንዲህ አላደረገም። ከጎልያድ ቀጥሎ የመጣው ጠላት ንጉሥ ሳኦል ነው፤ ዳዊት በገና የሚደረድርለት፥ ልጁን የዳረለት፥ ከማዕዱ የሚያበላው ሰው። ሳኦል ከጎልያድ ያጥራል፤ ነገር ግን ወንጭፍ አይበጀውም፤ ዳዊት በዋሻው ውስጥ አግኝቶት ሳለ የልብሱን ዘርፍ ብቻ ቆርጦ ተወው። ከሳኦል በኋላ የመጣው ጠላት ዳዊት ራሱ ነው፤ ኦርዮን ያስገደለው ማንም ሌላ አይደለምና። ከዚያም በኋላ አቤሴሎም፥ የገዛ ልጁ፥ ጦር አስከትሎ መጣበት፤ ዳዊትም ባዶ እግሩን እያለቀሰ ከከተማው ወጣ። አንበሳ፥ ረዓይታዊ፥ አማት፥ ራስ፥ ልጅ! እያንዳንዱ ከፊተኛው ይልቅ ወደ ቤት ይጠጋል። አቤሴሎም ፀጉሩ ከማማሩ በቀር ልዩ ኃይል አልነበረውም፤ ዳዊትን ግን እንደ እርሱ የሰበረው የለም።

ለዚህ ነገር ማረጋገጫ የሚሆን አንድ ሌላ ነገር ላክል። በዚያው መጽሐፍ በሁለተኛው ሳሙኤል በምዕራፍ 21 ላይ አራት ሌሎች ረዓይት ተነሥተዋል። አንደኛው በእጁም በእግሩም ስድስት ስድስት ጣት ነበረው፤ በጠቅላላው ሃያ አራት። የዳዊት ሰዎች አራቱንም ገደሏቸው። ከእናንተ ውስጥ የአንዳቸውን ስም የሚያስታውስ አለ? እኔም መጽሐፉን ካልገለጥሁ አላስታውስም። የጎልያድን ዐይነት ጠላት አራት ጊዜ ቢደጋግሙት፥ ጣት ቢጨምሩለትም እንኳ፥ አይታወስም።

ማርቭሎችም ጥሩ የሠሩበት ቦታ ይህንኑ ሕግ የተከተሉበት ነው። የብረት ሰው የመጀመሪያ ባላንጣ የአባቱ የንግድ ሸሪክ ነበረ። የቶር ባላንጣ ሎኪ አብሮት ያደገ ወንድሙ ነው። እኔ ከሁሉ የምወደው ግን በ2016 ዓ.ም. የመጣው ዜሞ የተባለው ሰው ነው። ዜሞ አይበርም፥ አይጠነክርም፥ ጦርም የለውም። ጀግኖቹ በቀደመው ፊልም በተዋጉበት ከተማ ቤተ ሰቡ ያለቀበት ሰው ነው። እነርሱን በጡንቻ እንደማይችላቸው ስላወቀ አንድ አሮጌ ፊልም ፈልጎ አገኘና አሳያቸው፤ በዚያም ውስጥ የአንደኛው ወዳጅ የሌላውን እናትና አባት ሲገድል ይታያል። ያሳያቸው ነገር ሐሰት አይደለም፥ እውነት ነው። በዚያ እውነት ምክንያት ወዳጆቹ ተፋጁ። ታኖስ ሊበታትናቸው ከመምጣቱ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ኀዘንተኛ ሰው በታትኗቸው ነበር።

በ2018 ዓ.ም. የወጣውን «ብላክ ፓንተር»ንም ሳላነሣ አላልፍም፤ እርሱ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ነገር አለውና። ባላንጣው ኪልሞንገር የንጉሡ የአጎት ልጅ ነው። መጀመሪያ የምናየው በለንደን ቤተ መዘክር ውስጥ፥ ከአፍሪቃ የተወሰዱ ዕቃዎች በመስተዋት ውስጥ ተደርድረው ሳለ፥ አያቶቻችሁ ይህን ዕቃ በምን ዋጋ አገኙት ብሎ ሠራተኛዋን ሲጠይቃት ነው። በ1868 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዐምባ የዐፄ ቴዎድሮስን ዘውድ፥ ታቦታትና የብራና መጻሕፍት እንደ ወሰደና ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በለንደን እንደሚገኙ በታሪክ ክፍል ለተማረ ልጅ ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ይቅር በሉኝና፥ ለጥቂት ደቂቃ እኔ ከባላንጣው ጋር ነበርሁ። ሴትዮዋ በተሰጣት መርዝ ስትወድቅ ግን ደነገጥሁ። መልካም ባላንጣ ማለት እንዲህ ያለው ይመስለኛል፤ የሚጠይቀው ጥያቄ ትክክል ሆኖ መልሱ የጠፋበት።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የተናገርሁት ለዚህ ነው።

ኤታን ኮሚክስ የተባለ ድርጅት በ2018 ዓ.ም. «ጀምበር» የሚባል የኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል ሥዕላዊ ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። ጀግናው ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ይህ ራሱ ለእኛ ለተመራቂዎች ፊልም አያሻውም። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ «ሃዊ» የምትባል ሴት ጀግና መጣች፤ በውጭ አገር ያደገች፥ ወደ ኢትዮጵያ መጥታ ሳለ እናቷ የተጠለፈችባት ልጅ ናት። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ጀግኖች አሉን ማለት ነው። ነገ ሦስተኛና አራተኛ ይመጣሉ፤ አንድ ቀንም ፊልም ይሆናሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ወደ ሐረርም ሊመጡ ይችላሉ። ድሬ ሜዳ፥ ጠያራም አውሮፕላን ማለት ስለ ሆነ፥ ለሚበር ጀግና ድሬ ጠያራ ከስሟ ጀምሮ ማረፊያ አዘጋጅታለች። እንግዲህ ጀግኖቹ በመጡ ጊዜ ማንን ይዋጉ?

በአሜሪካ ፊልም ባላንጣው ከሌላ ፕላኔት የመጣ ሐምራዊ ቆዳ ያለው ሰው ቢሆን ሐምራዊ የሆነ ጎረቤት ስለ ሌለ የሚከፋው የለም። እኛ ግን ተረት ስንፈጥር ሰው የሚጎዳ ባላንጣ የመረጥንበት ጊዜ አለ። በብዙው ያገራችን ክፍል ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ቡዳ ነው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ የሠራለትን፥ እንጀራ የሚጋገርበትን ምጣድ ያበጀችለትን ሰው በተረቱ ውስጥ ባላንጣ አደረገው። ጋብቻ ከለከለው፥ ከማዕድ አራቀው፤ ልጁ ሲታመምበትም በደጁ አልፎ በነበረው ሠራተኛ አመካኘ። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛውን በሥራው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ባላንጣ መምረጥ የቀልድ ሥራ አለመሆኑን ለሚጠራጠር ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላመጣለትም።

ጅቡም ቢሆን የተበደለ ነው። በአማርኛው ተረት ሁሉ ሆዳምና ሞኝ ሆኖ የሚመጣ እርሱ ነው፤ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» እንላለን። በሐረር ግን እያወቁት ያነጥፉለታል! በምሽት ከጀጎል ግንብ ውጭ ሥጋ በእንጨት እየተደረገ በአፉ ይሰጠዋል፤ በግንቡም ላይ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ተትተውለታል፤ ሌሊት ገብቶ ከየመንገዱ ጥራጊውን ይለቅማል። በዓሹራም ቀን ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል፤ ሽማግሌዎችም አበላሉን አይተው ስለ ዓመቱ ይናገራሉ። ሌላው አገር በጦር የሚያባርረውን ባላንጣ ይህ ከተማ በጎረቤትነት ያዘው። ለሐረር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ጅብን ባላንጣ አድርጎ ቢመጣ ከአምስቱ በሮች በአንዱም ይዞት አይገባም።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ከሁሉ የከበደ ስለ ሆነ በትዕግሥት ስሙኝ። የኛ አገር ታሪክ ራሱ የጋራ ዓለም ነው፤ የአንዱ ምዕራፍ ጀግና የሌላው ምዕራፍ ባላንጣ ነው። በ1529 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ ዐፄ ልብነ ድንግልን ያሸነፈው፥ በ1543 ዓ.ም. በወይና ደጋ የወደቀው ሰው በደጋው ታሪክ ግራኝ ይባላል፤ አብያተ ክርስቲያናት ያቃጠለ ነው። በጀጎል ውስጥ ግን ኢማም አሕመድ ነው፤ ዐረብ ፋቂህ የጻፈው ታሪኩም የድል ታሪክ ነው። የእኅቱ ልጅ አሚር ኑር እኛ ዛሬ ተደግፈነው የምናጠናውን ግንብ ያሠራ ሰው ነው፤ በ1559 ዓ.ም. ዐፄ ገላውዴዎስ የሞቱት ከዚሁ ከአሚር ኑር ጦር ጋር ሲዋጉ ነው። በ1887 ዓ.ም. ደግሞ የጨለንቆ ጦርነት አለ፤ ለአንዱ አገር የተሰበሰበበት፥ ለሌላው ነጻነት የጠፋበት ቀን ነው። በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ በአንድ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ሁለት ልጆች አንዱ ከአያቱ አንደኛውን፥ ሌላው ከአያቱ ሁለተኛውን ሰምቶ መጥቷል። ሁለቱም አያቶች አልዋሹም። በሐረር ቆሞ የነበረው የራስ መኰንን ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሲወድቅ፥ ያለቀሰም ደስ ያለውም በዚሁ ከተማ ውስጥ ነበረ። ዜሞን የማስታውሰው እዚህ ላይ ነው። ወዳጆችን ለመበተን ሐሰት አያስፈልግም፤ ከታሪክ አንድ እውነተኛ ገጽ ቀድዶ፥ ፊቱንና ኋላውን ደብቆ፥ ጮኾ ማንበብ ይበቃል።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ባላንጣ አይመረጥ እላለሁን? አልልም። አይነካ የተባለ ታሪክ በጓዳ ይነገራልና ይብሳል። የምለው ይህ ነው፤ ሽምብራ ኩሬን በሥዕላዊ ታሪክ የሚጽፍ ካለ ሁለት ሆነው ይጻፉት። አንዱ ከግንቡ ውስጥ፥ አንዱ ከደጋው ይሁን። ለማንም ጥቁር ጭምብል አይልበስ፤ ንጉሡም ኢማሙም ከጦርነቱ በፊት በነበረው ሌሊት ሲጸልዩ ይታዩ። አንባቢው ገጹን ሲገልጥ እጁ ይንቀጥቀጥ።

ፊት የሌለው ባላንጣም አለ። በ2014 ዓ.ም. የወጣውን «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ለጋብቻ የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድለዋለች፤ ይህ የሚሆነው ገና በፊልሙ መጀመሪያ ነው። ባላንጣው ሞተ፥ ፊልሙ ግን አላለቀም። ከዚያ ወዲያ ያለው ትግል ሁሉ ጠለፋን እንደ ወግ ከያዘው ልማድ፥ ከሽማግሎቹ ሸንጎና ከሕጉ ክፍተት ጋር ነው። ጠበቃዋ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የነበሩበት እውነተኛ ጉዳይ ነው። ልማድን በጥይት መምታት አይቻልም፤ ስለዚህ ታሪኩ ጀግና ሳይሆን ጠበቃ አስፈለገው።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ይህን ሁሉ ስንከራከር ከቆየን በኋላ የራሳችንን ሥዕላዊ ታሪክ መጻፍ ጀምረናል። ባላንጣውን የመረጥነው ከሐሮማያ ሐይቅ ነው። አባቶቻችን እንደምታስታውሱት ሐይቁ፥ ያን ጊዜ ዓለማያ ሲባል፥ ለሐረር ከተማ የሚጠጣ ውኃ ይሰጥ ነበረ። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ደረቀ፤ ታንኳ ይሄድበት በነበረው ላይ ከብት ተሰማራበት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው እንደገና ታይቷል፤ እኛ ግን የምንጽፈው ስለ ደረቀበት ዘመን ነው። ያደረቀው አንድ ሰው አይደለም። ጫትና አትክልት ለማጠጣት ፓምፕ ተተከለ፤ ከተማው በቧንቧ ጠጣ፤ ከተራቆተው ተራራ ጐርፍ ያመጣው አፈር ከሥሩ ሞላው።

ጀግናችን ከጀጎል የወጣች ልጅ ናት፤ ስም ገና አላወጣንላትም። ኃይሏ አንድ ብቻ ነው፤ ውኃ የትም ቢሆን፥ ከመሬት በታችም ቢሆን፥ ሲሄድ ይሰማታል። ሐይቁን የጠጣውን ልትፈልግ ትነሣለች። በመጀመሪያው ክፍል በሌሊት የሚያጓጉዝ አንድ ሀብታም ነጋዴ ታገኛለች፤ አንባቢው በቀላሉ የሚጠላውን ሰው ማለት ነው። በሁለተኛው ክፍል ድምፁን ተከትላ ስትሄድ የአጎቷ ማሳ ላይ ትደርሳለች። አጎቷ ከፓምፑ አጠገብ ቆሞ ነው፤ የትምህርቷን ወጪ ሲከፍል የኖረው በዚያ ጫት ነው። በሦስተኛው ክፍል ድምፁ ወደ ከተማ ይመልሳታል፤ ግንቡን አልፎ፥ በጠባቡ መንገድ ወርዶ፥ የእናቷ ቤት ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ይቆማል። እናቷ እንግዳ መጥቶ ስለ ነበረ ስኒ እያጠበች ነው።

በዚህ ላይ ጓደኛዬ ተቃወመኝ፤ ዘንዶ የሌለበትን መጽሐፍ ትንንሾቹ ልጆች አይገዙም አለ። አክሱምን ሳይቀር ከሁሉ በፊት የገዛ አርዌ የተባለ ዘንዶ ነበረ ተብሎ ይተረክ የለምን? አንጋቦ በመርዝ ባበላው ፍየል ባይገድለው ኖሮ እስከ ዛሬ ይገዛን ነበር አለኝ። ከሁለት ሳምንት ክርክር በኋላ ተስማማን፤ በመጀመሪያው ክፍል ከነጋዴው በፊት ዘንዶ ይኖራል። በሐይቁ ዳር ያሉ ሰዎች ሁሉ ውኃውን የጠጣ እርሱ ነው ብለው ይመሰክሩበታል፤ ጀግናችንም ሌሊቱን ሙሉ ታግላ ትይዘዋለች። ጆሮዋን በሆዱ ላይ አስጠግታ ስታዳምጥ ግን አንዲት ጠብታ አትሰማም። ዘንዶውም ምላሱን አውጥቶ እያለከለከ ውኃ ይለምናታል።

ይህን ገጽ የሚሥልልን ሰው እስካሁን አላገኘንም። ሥዕል የሚችል ተማሪ፥ ከየትኛውም ክፍል ቢሆን፥ ደብተሩ በቤተ መጻሕፍት ስለ ተቀመጠ ጠይቆ ማየት ይችላል።